ብልጭታ መቼ ተስፋ ይሆናል? የዋልያዎቹ ግጥሚያዎች በቆጠራ ሳይንስ ዓይን

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቴፒ ከተማ ውስጥ ኳስ ከሚያሳዩ ቤቶች በአንዱ፣ ከተማሪዎቻችን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። የሰኔ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ስለሚደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይሰማም፤ የምናየውን ብቻ እንከተላለን። ግጥሚያው የሚካሄደው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። የሀገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን “የሜዳውን” ጨዋታ በሰው ሀገር እንዲጫወት ተገድዷል። ተጋጣሚው ከአራት ወራት በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰችው ግብፅ ናት። መሐመድ ሳላህ ባይሰለፍም ግብፅ ግብፅ ናት። ዳዋ ሆቴሳ አንድ አስቆጠረ፤ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፤ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸነፈች።

ከቤቱ ስንወጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጃንጥላችን ሥር ገብቶ፣ “ዶክተር፣ እንግዲህ አይቮሪኮስት ገባን ማለት ነው?” ሲል ጠየቀን። በ2016 ዓ.ም. በዚያች ሀገር ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የማጣሪያ ግጥሚያ ነበርና። እኛም፣ “በዚህ አጨዋወትማ ማን ያቆመናል!” ብለን መለስንለት።

መልሳችን ዛሬም ያሳፍረናል። ያሳፈረን ትንበያው መክሸፉ አይደለም፤ ትንበያ ይከሽፋል። ያሳፈረን ዓመቱን ሙሉ በቤተ ሙከራ “ሳትቆጥሩ አትናገሩ” እያልን የምናስተምር ሰዎች፣ ሳንቆጥር መናገራችን ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በዚያ ማጣሪያ ስድስት ግጥሚያ አደረገ። በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በጊኒ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከማላዊ ጋር ያለ ግብ አቻ ወጣ፤ በመጨረሻም በግብፅ 1 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ ድል፣ አንድ አቻ፣ አራት ሽንፈት፤ 4 ነጥብ፤ የምድቡ መጨረሻ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ዘግይቶ የሚሰጥ መልስ ነው። ጥያቄውን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንዲህ እንጠይቀው፦ ብዙ ጊዜ የሚሸነፍ ቡድን አልፎ አልፎ የሚያሳየው ያማረ ጨዋታ ለተስፋ በቂ ምክንያት ነውን? “አዎን” ወይም “አይደለም” ብሎ ለመመለስ የሚቸኩል ሰው ሁሉ፣ እኛ በዚያች ምሽት የፈጸምነውን ስህተት ይደግማል ብለን እንገምታለን።

የፖሎኒየሙ ብልጭታ

ነገሩን ከኳስ ሜዳ ራቅ አድርገን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1910 ኧርነስት ራዘርፎርድና ሃንስ ጋይገር፣ በሒሳቡ በኩል በሃሪ ቤትማን እየታገዙ፣ የአንድን የፖሎኒየም ናሙና ጨረር የቆጠሩበትን ሥራ አሳተሙ። ከፖሎኒየሙ የሚወጣው የአልፋ ቅንጣት ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ገጽ ላይ ሲያርፍ በማይክሮስኮፕ ብቻ የምትታይ ትንሽ ብልጭታ ይሰጣል። ጊዜውን በ7.5 ሰከንድ እየከፋፈሉ በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ብልጭታ እንደታየ መዘገቡ። የቆጠሯቸው የጊዜ ክፍሎች 2,608 ሲሆኑ፣ አማካዩ በአንድ ክፍል 3.87 ብልጭታ ሆነ።

እስቲ አማካዩን ለጊዜው ትተን ዝርዝሩን እንመልከት። በ57 ክፍሎች አንድም ብልጭታ አልታየም። በ16 ክፍሎች ግን 10 እና ከዚያ በላይ ታይቷል፤ በአንዱ ክፍልማ 14። ማይክሮስኮፑን ሊመለከት የመጣ እንግዳ ዓይኑን ያሳረፈው ልክ በዚያች በ14ቱ ክፍል ቢሆን ኖሮ “ይህ ናሙና እጅግ ብርቱ ነው” ብሎ ይሄድ ነበር። ከ57ቱ በአንዷ የደረሰውም “ይህ የሞተ ነው” ይል ነበር። ፖሎኒየሙ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። አልተነቃቃም፤ አልደከመም፤ አሰልጣኝም አልቀየረም። እያንዳንዱ ቅንጣት የሚወጣው ከሌላው ጋር ሳይመካከር በመሆኑ ብቻ ቆጠራው እንዲህ ይዋዥቃል።

የዚህን መዋዠቅ ልክ የሚነግረን ፈረንሳዊው ሲሜዮን ፖዋሶን እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ቀመር ነው። ለተማሪ የሚበቃው ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ክስተቶችን ቆጥረን N ካገኘን፣ የቆጠራችን እርግጠኛ አለመሆን በN ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 10,000 ቆጥሮ 100 መሳሳት ከመቶ አንድ ነው። 100 ቆጥሮ 10 መሳሳት ከመቶ ዐሥር ነው። 2 ቆጥሮ 1.4 መሳሳት ግን ምንም አለመቁጠር ለማለት ጥቂት የቀረው ነው።

እግር ኳስ ደግሞ በ2 የሚቆጠር ጨዋታ ነው። ቅርጫት ኳስ ቢሆን ኖሮ አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ሰማንያና ዘጠና ነጥብ ስለሚያስቆጥር ብርቱው ደካማውን ማሸነፉ አዘውትሮ ይታይ ነበር። እግር ኳስን እንድንወደው ያደረገው፣ የትንሹ ቡድን ደጋፊ ሁልጊዜ ዲኤስቲቪ ቤት የሚሄድበት ምክንያትም፣ ይኸው የቆጠራው ማነስ ነው። ሊሎንግዌ ላይ ያየነው “2 ለ 0” በፊዚክስ ተማሪ ደብተር ቢጻፍ “2 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 1.4” ተብሎ ነበር።

ድሉ ስንት ይጠበቅ ነበር?

በዚያ ማጣሪያ ዋልያዎቹ በስድስት ግጥሚያ 5 ግብ አስቆጥረው 8 ተቆጥሮባቸዋል፤ በአማካይ 0.8 ለ 1.3 መሆኑ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በፖዋሶን ቀመር ውስጥ እናስገባና፣ ቡድኑ በስድስቱም ግጥሚያ አንድ ዓይነት አቅም እንደነበረው፣ አንድም ቀን ከራሱ በላይ እንዳልተጫወተ እንቁጠር። አስሊው የሚሰጠን መልስ እንዲህ ነው፦ በአንድ ግጥሚያ የማሸነፍ ፕሮባቢሊቲው 23 በመቶ፣ አቻ የመውጣቱ 29 በመቶ፣ የመሸነፉ 48 በመቶ ነው። አንባቢ በቀላል ካልኩሌተር ሊያረጋግጠው ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቡድን ስድስቱንም ግጥሚያ ሳያሸንፍ የሚወጣበት ዕድል 0.77 በራሱ ስድስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ወደ 21 በመቶ ገደማ። በሌላ አነጋገር፣ ምንም መሻሻል የሌለበት፣ ከግማሽ ጥቂት ያነሰውን ግጥሚያ የሚሸነፍ ቡድን፣ በስድስት ጨዋታ ውስጥ ቢያንስ አንድ ድል የሚያይበት ዕድል ከአምስት አራት ነው። ድሉ ባይመጣ ኖሮ ይበልጥ ይገርም ነበር። እርግጥ ግብፅ ከምድቡ አማካይ ተጋጣሚ የበረታች ስለሆነች ድሉ በእርሷ ላይ መውደቁ ብርቅ ነው። ነገር ግን አንዱ ቀን መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ በማን ላይ እንደሚመጣ የመረጠው አጋጣሚ ነው።

“ይህማ ከሆነ በኋላ የተሰፋ ልብስ ነው” የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ትክክል ነው። ቀመሩን ያወጣነው ከዚያው ማጣሪያ ውጤት በመሆኑ፣ ሌላ ማጣሪያ ላይ ሊፈተን ይገባል። ፈተናው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ዋልያዎቹ ከታንዛኒያ፣ ከዲሞክራቲክ ኮንጎና ከጊኒ ጋር ተመደቡ። ስድስት ግጥሚያ አደረጉ። አንድ ድል፣ አንድ አቻ፣ አራት ሽንፈት፤ 4 ነጥብ፤ የምድቡ መጨረሻ። ቁጥር በቁጥር ያው ነው። አንዱ ድል የተገኘው ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 በማሸነፍ ነበር። በዚያም ምሽት ብዙ ሰው ደስ ብሎታል፤ ኮንጎ ማለፏን አስቀድማ ያረጋገጠች መሆኗን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ኳስ ተጫዋች ፖሎኒየም አይደለም። መሪ ቡድን ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ተመሪው ይወጣል፤ ቀይ ካርድ ሁሉን ይለውጣል። በመሆኑም ግቦች ሙሉ በሙሉ “የማይገናኙ” አይደሉም። ቀመሩ ሸካራ ሚዛን ነው፤ የወርቅ ሳይሆን የቡና ሚዛን። ለያዝነው ጥያቄ ግን የቡና ሚዛን ይበቃል።

74110 የተባለው ቡና

ቡናን ካነሣን፣ የዚህ አካባቢ ልጆች ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ሊረዱት የሚችሉት ምሳሌ በየጓሯችን አለ። በሚዛንም ሆነ በቴፒ ስለ ምርጥ የቡና ዝርያ ሲወራ “74110” እና “74112” የሚሉ ቁጥሮች ይነሣሉ። ቁጥሮቹ ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ብዙዎች ሲቢዲ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ መኖሩ ታወቀ። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ የቡና መሬት ሲያጠቃ፣ ተመራማሪዎች ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ወጡ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፦ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ፍሬው ጠቁሮ ሳለ፣ በመካከሉ ንጹሕ ሆኖ የቆመ ዛፍ። እንዲህ ያለው ዛፍ ብልጭታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኢሉባቦር መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ቦታ ከተመረጡት እናት ዛፎች መካከል 74110 እና 74112 ይገኙበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች “74” የተመረጡበትን ዓመት ይነግሩናል።

ታዲያ ንጹሑ ዛፍ ለምን ንጹሕ ሆነ? ሁለት መልስ አለ። አንድም በተፈጥሮው በሽታውን ይቋቋማል። አንድም አመለጠ፤ የዚያ ዓመት ዝናብ አላደረሰውም፣ ፈንገሱ በነፈሰበት ሰሞን ፍሬው አልነበረም፣ በአጭሩ ዕድለኛ ነበር። ቆሞ ለሚያየው ሰው የተቋቋመውና ያመለጠው ዛፍ አይለያዩም። ቅጠላቸው ያው፣ ፍሬያቸው ያው ነው። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ በዓይናቸው አልፈረዱም። ዛፉን ደጋግመው ጎበኙት፤ ፍሬውንና ችግኙን ሆን ብለው በፈንገሱ በከሉት፤ ልጆቹን በተለያየ ቦታ ተክለው ተከታተሉ። 74110 እና 74112 ለገበሬ የተለቀቁት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በተመረጡና በተለቀቁበት ጊዜ መካከል አምስት ዓመት አለ።

የቦታውም ጉዳይ አለ። ሲቢዲ የሚበረታው በቀዝቃዛና ዝናባማ ደጋ ነው፤ በሞቃቱ ቆላ፣ ለምሳሌ በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች፣ ይደክማል። ስለዚህ ቴፒ ላይ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ዛፍ ብዙ አይነግረንም። በሽታው በሚከፋበት በጌራ ደጋ ንጹሕ ሆኖ የቆመ ግን ብዙ ይነግረናል።

አሁን ወደ ኳሱ ስንመለስ ጥያቄያችን መልኩን ይለውጣል። ያማረውን ጨዋታ አይተን “ይህ ቡድን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?” ማለታችንን ትተን፣ “ይህ ቡድን የተቋቋመ ነው ወይስ ያመለጠ?” እንላለን። መልሱንም በዛፉ ውበት አናገኘውም። ሲደጋገም፣ ደግሞም በጌራ ሲፈተን ብቻ ነው የምናገኘው።

ሌላው ስድስት ግጥሚያ

ስለዚህ ሌላ ስድስት ግጥሚያ እናምጣ። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው የምድብ ማጣሪያ፣ ከግንቦት 2004 እስከ ጳጉሜን 2005 ዓ.ም.፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተጫወተ። ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ፤ ሌሎቹን አምስቱንም በሜዳ ላይ አሸነፈ። ከእነዚህ አንዱ፣ ቦትስዋና ላይ የተገኘው 2 ለ 1፣ ቅጣት ላይ የነበረ ተጫዋች በመሰለፉ ምክንያት በፊፋ ተሰርዞ ሦስት ነጥብ ተቀንሶብናል። ይህ የጽሕፈት ቤት ስህተት እንጂ የእግር ስህተት አይደለምና ለቆጠራችን አናስገባውም።

ቅድም የሠራነውን፣ 23 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለውን ቡድን እናምጣና፣ “ከስድስት ግጥሚያ አምስትና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድልህ ስንት ነው?” ብለን እንጠይቀው። መልሱ ከሺህ 3 ገደማ ነው። ተጋጣሚዎቹ ከግብፅና ከጊኒ የቀለሉ መሆናቸውን ብንቀንስለትም፣ ይህ ማምለጥ አይባልም። በዚያን ዘመን ስታዲየም የሞሉት ሰዎች ተስፋ በምክንያት ላይ የቆመ ነበር።

የጌራው ፈተናም አልቀረም። ከ31 ዓመት በኋላ በተገባበት፣ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ፣ የመጀመሪያው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ነበር። (ምልክት ለሚወድ ሰው፦ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድነውም ጥር 13 ቀን ነበር። በዓመት ውስጥ 365 ቀን መኖሩን ብቻ እያስታወስን እንለፍ።) ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሰይድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ አስቀደመች። በዐሥር ሰው የቀረው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 አጠናቀቀ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያም በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች በተሰጡ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ ነጥብ ይዞ ተመለሰ። የዚያ ውድድር ፍጻሜ ግን በማንና በማን መካከል ነበር? በናይጄሪያና በቡርኪና ፋሶ። ምድባችን የበፊቱን ሻምፒዮን፣ የአዲሱን ሻምፒዮንና የሁለተኛውን ባለድል የያዘ ነበር። በሽታው በከፋበት ደጋ ላይ የተተከለ ችግኝ ጥቂት ፍሬ ማርገፉ ዘሩን አያስንቅም።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግማሹን ግጥሚያ ማሸነፍ የሚችል ጥሩ ቡድን እንኳ ከስድስት አምስትና ከዚያ በላይ የሚያሸንፍበት ዕድል 11 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ብሩህ ዓመት ራሱ በከፊል አቅም፣ በከፊል ዕድል ነበር ብለን ማሰብ አለብን። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ወላጆችና ልጆች ቁመት ሲጽፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። እጅግ የረዘሙ ወላጆች ልጆች በአማካይ ረጃጅም ናቸው፤ ሆኖም ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ ሕዝቡ አማካይ ይጠጋሉ። ከከፍታ በኋላ ዝቅ ማለት እርግማን አይፈልግም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያን በበኃይሉ አሰፋ ግብ መርተን፣ በኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 ስንሸነፍ፣ ካላባር ላይም 2 ለ 0 ተሸንፈን ከዓለም ዋንጫው ስንቀር፣ ተስፋው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። ምክንያት ያለው ተስፋና የተፈጸመ ተስፋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰባ በመቶ ይዘንባል ተብሎ ጃንጥላ የያዘ ሰው ባይዘንብም አልተሳሳተም።

የተሳሳተው የሚመስለን የቀጠለው ነው። ጥር 2006 ላይ በሀገር ውስጥ ተጫዋቾች በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ቡድኑ ሦስቱንም ግጥሚያ ግብ ሳያስቆጥር ተሸነፈ፤ ወዲያውም አሰልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። በዚያ ውድድር ለፍጻሜ የደረሱት ሊቢያና ጋና ሁለቱም ከእኛው ምድብ መሆናቸው ብዙም አልተነሣም። ከዚያ በኋላ አሰልጣኝ ደጋግሞ ተቀያይሯል። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ባለው የሆላንድ ሊግ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን በተመሳሳይ ውድቀት ላይ ሳሉ ካላባረሩ ክለቦች ጋር አነጻጽሮ፣ ማባረሩ ውጤት አሻሻለ የሚል ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱም ወደ አማካያቸው ተመለሱ። አሰልጣኝ ያባረረው ግን መመለሱን በአዲሱ ሰው ስም ይመዘግበዋል።

ይህን ስንጽፍ እጃችን ንጹሕ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቀደም ሲል ባስተማርንበት አንድ ተቋም፣ አንዲት ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ፈተና ወድቃ ጉዳይዋ ለውይይት ቀረበ። አንድ ባልደረባችን በቤተ ሙከራ የሠራችውን ግሩም ሪፖርት አንሥቶ ተከራከረላት። እኛ፣ “አንድ ሪፖርት ምን ያረጋግጣል?” አልን። አነጋገራችን ሳይንሳዊ መስሎን ነበር። ሁለት ፈተናስ ምን ያረጋግጣል? ብሎ የጠየቀን አልነበረም፤ ራሳችንንም አልጠየቅንም። ብልጭታዋን ለማጣጣል የተጠቀምንበት ሚዛን ውድቀቷንም እኩል ያጣጥለው ነበር። ተማሪዋ ተሰናበተች።

ምን እንቁጠር?

ግብ በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙ የማይነግረን ከሆነ፣ ብዙ የሚቆጠር ነገር መፈለግ አለብን። የዛሬዎቹ ተንታኞች “የሚጠበቅ ግብ” የሚሉት መለኪያ የመጣው ከዚህ ነው። ወደ ግብ የተሞከረ ኳስ ሁሉ፣ ከተመታበት ቦታና ሁኔታ አንጻር በአማካይ ስንት ጊዜ ግብ እንደሚሆን ይሰላል። ፍጹም ቅጣት ምት ከአራት ሦስት ጊዜ ገደማ ይገባል፤ ከሩቅ የተመታ ኳስ ከብዙ አንዴ። አንድ ቡድን በስድስት ግጥሚያ 60 ሙከራ ካደረገ፣ የቆጠራው ስህተት 8 ገደማ፣ ማለትም 13 በመቶ ነው። 5 ግብ ላይ ግን ስህተቱ 45 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ተሸንፎም ቢሆን ብዙ ጥሩ ዕድል የፈጠረ ቡድን ደጋፊ፣ ውጤቱን ብቻ ከሚያየው ይልቅ የተሻለ መረጃ በእጁ አለ። “ተሸነፍን እንጂ ተጫወትን” የሚለው የደጋፊ አነጋገር፣ ከተቆጠረ፣ ቀልድ አይደለም።

ችግሩ ደጋፊ የሚያስታውሰው የተሳካውን ብቻ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሪፕ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ሜዳ ዳር ተቀምጦ ግጥሚያ በእርሳስ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። በ1968ም ከአንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር ሥራውን አሳተመ። አብዛኞቹ ግቦች ከሦስት በማይበልጥ ቅብብል የተገኙ መሆናቸውን አይቶ፣ ኳስን ቶሎ ወደ ፊት መላክ ይሻላል ብሎ ደመደመ። የረሳው አካፋዩን ነው። በእግር ኳስ አብዛኛው ቅብብል ሦስት ሳይሞላ ይቋረጣል፤ ብዙ ከተሞከረው ብዙ ግብ መገኘቱ ምን ይደንቃል? ዕድሜውን በመቁጠር ያሳለፈ ሰው እንኳ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ያችን አንዲት ያማረች የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ብቻ በልባችን ይዘን የምንዞር ሰዎች ምን እንባል? ቀሪዋን ሰባ ደቂቃ ማን ቆጠራት?

በእኛው ትምህርት ክፍል ይህን መሞከር ጀምረናል። የፊዚክስ ተማሪዎች ቡድን በግቢው የትምህርት ክፍሎች ውድድር የመጀመሪያዎቹን አራት ግጥሚያዎች ተሸንፏል፤ ልጆቹ ግን ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ “በልጠናቸው ነበር” ይሉን ነበር። ሁለት ተማሪዎች ደብተር ይዘው መስመር ዳር እንዲቆሙ አደረግን። የሚመዘግቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን ኳስ ይዞ ወደ ተጋጣሚው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ስንት ጊዜ ገባ። ደንቡም፣ ለራስ ቡድን ሲሆን በእርሳስ፣ ለተጋጣሚ ሲሆን በእስክርቢቶ ነው፤ የራስን ቆጠራ እያሳመሩ የሚሰርዙ እጆች እንዳይኖሩ የተጋጣሚው ወገን ተማሪ እርሳሱን እንዲይዝ አድርገናል።

በመጀመሪያው የተቆጠረ ግጥሚያ ማግሥት ደብተሩን ይዘው ቢሯችን ሲመጡ ፊታቸው አልጠራም። ያሉትን ያህል አልበለጡም ነበር። በሁለተኛው ግጥሚያ ግን፣ በሜዳ ላይ 1 ለ 0 በተሸነፉበት፣ የእርሳሱ ረድፍ ከእስክርቢቶው ረዝሞ ተገኘ። ከሁለት ግጥሚያ ምንም ማለት እንደማይቻል ነገርናቸው። “እናውቃለን ዶክተር፣ ሦስት ይቀረናል” አሉ። ቅዳሜ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ጋር ነው የሚጫወቱት፤ ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ ስለሚውል ደብተሩን የምናስገባበት ፕላስቲክ እየፈለግን ነው።